ግራሶው ገብቷል ወይ?

እናቴ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ድሬዳዋ በተቀጠረችበት ሳምንት መኪናዬ ግራሶ መትፋት ጀመረች። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከካምቢዮው ወጥቶ የፊቱን ቀኝ ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። በካምቢዮው በኩል ያለውን የዘንጉን መጋጠሚያ የሚሸፍነው እጥፍጥፍ ላስቲክ ተተርትሮ፣ አቅፎት የነበረውን ግራሶ ሁሉ ሞተሩ ሥር ረጭቶታል። እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለው ጎረቤቴ አየውና «ይሄማ ቀላል ነው» አለኝ። ቀላል ነው የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ መኪና የለውም።

ይኸው ቀጠሮ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ አምልጦናል። የተሳፈርንበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ እኛ ስንደርስ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ነበር። ሐኪሙ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በመካከሉ የእናቴ ግራ ዓይን ጨርሶ ደከመ፤ ደረጃ ስትወርድ በእግሯ እየዳበሰች ሆነ። ሁለተኛ በሰው መኪና አልታመንም፣ ራሴ ነኝ የምወስዳት ብዬ ምዬ ነበር። መኪናዬም የሰማችኝ ይመስል ልክ ቀጠሮው ሲደርስ ጉድ ሠራችኝ።

ላስቲኩን ከነማጥበቂያ ቀለበቶቹ ከድሬዳዋ በሹፌር አስመጣሁ። እጄ የገባው የቀጠሮው ዋዜማ ረፋድ ላይ ነው። ይዤው በቀጥታ ሀጂ ዘንድ ሄድኩ።

ሀጂ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ከፈላና በር ወጣ ብሎ፣ ከግንቡ ጥግ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ አለቻቸው። አባቴ በሕይወት ሳለ ታክሲውን ከሳቸው በቀር ሰው እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። እኔ ግን የሄድኩት ለአባቴ ወዳጅነት ስል ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ከቀትር በኋላ የሚሠራ መካኒክ ከፈለጉ ምርጫ የለዎትም፤ ለጫት በርጫ ላይ ጋደም ያለን ሰው ከፍራሹ የሚያስነሳው ነገር የለም። ሀጂ አይቅሙም። ሌላው ሁሉ ሲቀመጥ እሳቸው ይሠራሉ፣ የአዛን ድምፅ ሲሰሙ ያቆማሉ፣ ሰግደው ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አሠራራቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ግራሶ በጣታቸው አይነኩም። ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ውሃውን ስለሚከለክል ለስግደት ውዱእ አይሆንም ይላሉ፤ ደግሞስ በሐረር ውሃ መቼ እንደልብ ተገኝቶ ነው ግራሶ የሚታጠብበት? ስለዚህ የጫት ፌስታል እጃቸው ላይ ያጠልቃሉ፣ ግራሶውን በዚያ ይዝቃሉ፣ ሲጨርሱ ፌስታሉን ገልብጠው ይጥሉታል። የጋራዧ ወለል ግራሶ በነካው ፌስታል የተሞላ ነው፤ የዛሬው ከትናንቱ አይለይም።

ጎማውን አወለቁ፣ ዘንጉን ከካምቢዮው ነቅለው አወጡ፣ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰሩት። የተቀደደውን ላስቲክ በቢላዋ ከፈቱት። መጋጠሚያው ውስጥ አፈርና አሮጌ ግራሶ ተጋግሮ ነበር፤ በናፍጣ አጠቡት።

«የቱ ዓይኗ ነው?» አሉኝ እያጠቡ።

«ግራው ነው ሀጂ።»

«አላህ ያሽራት። አየህ፣ ይሄ ነገር ያለ ግራሶ ቁልቁለት አይወርድም። እርስ በርሱ ይበላላል። ድሬዳዋ ስትወርድ የደንገጎ መታጠፊያ ላይ ቢነክስህ መሪህን ይዞብህ ይሄዳል።»

አዲሱን ላስቲክ ዘንጉ ላይ ሲያጠልቁ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ የፈሰሰውን የካምቢዮ ዘይት የሚተካ ግዛ ብለው ላኩኝ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። አንዱን ባለሱቅ ጉንጩን እንደወጠረ ከቤቱ አስወጥቼ፣ እየተነጫነጨ ከፍቶልኝ ስመለስ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ነበር። ሀጂ የሉም፣ መስጊድ ናቸው። ዘንጉ ሞርሳው ላይ ነው፤ ላስቲኩ ቦታውን ይዟል፤ ሁለቱም የብረት ቀለበቶች በመቆንጠጫ ተነክሰው ጠብቀዋል። አለቀ ብዬ ተደሰትኩ፤ ለእናቴም ደውዬ መኪናው ደርሷል፣ ልብስሽን አዘጋጂ አልኳት።

ሀጂ የውዱእ ውሃው ከክንዳቸው ገና ሳይደርቅ ገቡ።

«የቱ ዓይኗ ነው ያልከኝ?»

«ግራው» አልኩ።

ከተሰቀለው ፌስታል አንዱን መዘዙ። እጃቸውን አስገቡበት። ከትልቁ ጣሳ ሙሉ እፍኝ ግራሶ ዘቁና ወደ ሞርሳው ዞሩ፤ እዚያው ቆሙ። ላስቲኩ ተዘግቷል። ግራሶው ፌስታሉ ላይ እንዳለ፣ የተዘጋውን ላስቲክ ትክ ብለው አዩት።

እኔም አየሁ። ግራሶው ሳይገባ ነው እንዴ የተዘጋው?

ከዚያ ግራሶውን ወደ ጣሳው መለሱት፣ ፌስታሉን ጣሉት፣ ዘንጉን ከሞርሳው ፈትተው ወደ መኪናው ይዘውት ሄዱ።

ምናልባት ለሌላ ነገር ፈልገውት ይሆናል አልኩ ለራሴ። ለምኑ? ሌላ ግራሶ የሚገባበት ቦታ የለም። ዘንጉን ልያዝልዎ ብዬ ተቀበልኳቸውና በሰበቡ ላስቲኩን ጨመቅ አደረግኩት። አዲስ ነው፣ ደረቅ ያለ ነው፤ ውስጡ ሞልቶ ይሁን ባዶ ሆኖ ምንም አይናገርም። ጣሳውን አየሁ፤ የተዘቀው ዛሬ ይሁን ትናንት አይታወቅም። እጃቸውን አየሁ፤ ታጥቦ ነጽቷል። ወለሉን አየሁና አፈርኩ፤ በዚያ ሁሉ ፌስታል ለማንም መመስከርም፣ ማንንም መክሰስም ይቻላል።

መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ? እኔ ዳዴ ስል የአባቴን ሞተር አውርደው የሰቀሉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው «ግራሶ ረስተዋል ወይ» ማለት ለቄስ ቅዳሴውን ዘለሉት እንደማለት ነው። ዝም ብልስ? ነገ ጠዋት እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ያንን ቁልቁለት ልንወርድ ነው። በሁለቱም በኩል ተናደድኩ፤ በእሳቸውም፣ በራሴም።

መኪናው ሥር ገብተው የዘንጉን ጫፍ ካምቢዮው አፍ ላይ አስተካክለው መዶሻቸውን አነሱ። አንዴ ከገባ ገባ ነው።

«ሀጂ» አልኩ። «የውስጡ ግራሶ... በቂ ይሆናል?»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠይቃለህ?»

ወለሉን እያየሁ ቆሜያለሁ። እሳቸውም አልመቱም። ከመኪናው ሥር ተንፏቀው ወጥተው ጎማው ላይ ተቀመጡ፤ መዶሻውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«አንተ ወጥተህ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ዘይት ልገዛ።»

«ስትመለስ ተዘግቶ ነበር?»

«ተዘግቶ ነበር።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«መስጊድ ነበሩ ሀጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመስማማት ሳይሆን የሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው። ከግንቡ ባሻገር ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ።

«ወላሂ አላስታውስም» አሉ ቀስ ብለው። «ለልጆቼ አትንገር። ጋራዡን ዝጋ እያሉኝ ነው።»

«አልነግርም።»

«ቢላዋውን አምጣ።»

አሁን ደግሞ እኔ ፈራሁ። ሌላ ላስቲክ የለም። ሌላ ቀለበትም የለም፤ አንዴ የተነከሰ ቀለበት ከተከፈተ ተበላሸ። ላስቲኩ ራሱ ጫፉ ከተነካ የእናቴ ቀጠሮ አበቃለት። ይተዉት ልል አሰብኩና ቢላዋውን አቀበልኳቸው።

ዘንጉን መልሰው ሞርሳው ላይ አሰሩ። የቢላዋውን ጫፍ በትልቁ ቀለበት ሥር አስገብተው፣ ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ከልለው፣ በትንሽ በትንሹ አነሱት። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ቀለበቱ ቷ ብሎ ተከፈተ። የላስቲኩን አፍ ወደ ኋላ ገለበጡት።

ሞልቷል። ንጹሕ ግራሶ እስከ አፉ ድረስ፣ በየእጥፉ ሳይቀር፣ ከአንድ ትጉህ እጅ እንደወጣ ተስተካክሎ ሞልቷል። ተመስገን አልኩ ጮክ ብዬ። ከደስታዬ ብዛት እሳቸውን ማየት ረሳሁ።

ዞር ስል አልተደሰቱም። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ እያዩ ነው።

«ይህን ማን ሞላው?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

«እርስዎ ነዎት ሀጂ። ከእርስዎ ሌላ እዚህ ሰው አልነበረም።»

አንዴ ግራሶውን፣ አንዴ የታጠበ እጃቸውን አዩ። «እሺ» አሉ ብቻ። ላስቲኩን ወደ ቦታው መለሱት፤ ከግድግዳው ቀጭን ሽቦ አውርደው፣ ሁለት ጊዜ ከጠቀለሉበት በኋላ ጫፎቹን ከፒንሳ ጋር ወደ እኔ ዘረጉ።

«አንተ እሰረው።»

«እኔ አላውቅበትም፣ እርስዎ ይሻላል።»

«እሰረው። ካጠፋህ እነግርሃለሁ። ከሁለታችን አንዳችን እንኳን መታሰሩን ይወቅ።»

እየጠመዘዝኩ አሰርኩት። በጣታቸው እየነኩ «ትንሽ ጨምር... በቃ» አሉኝ። የማግሪብ ሶላት ሳይደርስ ጎማው ገብቶ መኪናዋ ከክሪክ ወረደች።

በማግስቱ ደንገጎን የወረድኩት ሬዲዮ ዘግቼ፣ ጆሮዬን መሪው ሥር ተክዬ ነው። ምንም አልተሰማም። እናቴ በሰዓቷ ደረሰች፣ ዓይኗም ተሠራ።

ስንመለስ ግራ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ጭንቅላቷን መቀመጫው ላይ ደገፍ አድርጋ ነበር። ሽቅቡን ስንጀምር «ድምፅ የላትም፤ ማን ሠራት?» አለችኝ።

«ሀጂ ናቸው።»

«የአባትህ ሀጂ? እጃቸው እንደ ድሮው ነው?»

«እንደ ድሮው ነው» አልኳት። አልዋሸሁም፤ የጠየቀችኝ ስለ እጃቸው ብቻ ነው።