ጽጌረዳሽ ደህና ናት

ጋሼ የሺዋስ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተው ጡረታ ቢወጡም ድምፃቸው ጡረታ አልወጣም። ወፍጮው አሁንም አጠገባቸው የሚጮህ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ደህና አደርሽ ሲሉኝ የደብረ ማርቆስ ግማሽ ይሰማል። ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የዚያን ቤት ወሬ ሳልጠይቅ ስሰማ ኖሬያለሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የሰማኋቸው አንድ ክረምት ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ይዋሹ ነበር።

ጽጌረዳዋ የሚስታቸው የእትዬ ፈንታዬ ነበረች። ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ከሉማሜ፣ ከእናታቸው ደጅ ቆርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጧት ናት። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቅርንጫፎቿን ስንዝር ያህል ብቻ አስቀርተው ይከረክሟታል። "ኧረ እትዬ፣ ጨረሷት እኮ!" ስላቸው "ጽጌ ይግባና ታዪኛለሽ" ይሉኛል። እውነትም ጥቅምት ላይ ግቢው ቀይ ይሆናል። የመጀመሪያዋን አበባ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጣሉ። መቀሱን ግን ማንንም አያስነኩም፣ ባላቸውንም ጭምር። ጋሼ የሺዋስ ስለ ጽጌረዳ የሚያውቁት ቀይ መሆኗን ብቻ ነበር።

ካቻምና ግንቦት ላይ እትዬ ፈንታዬ ሆዳቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ አይተው አይተው "ከቤታቸው ይሁኑ" ብለው መለሷቸው፤ ትርጉሙ የጠፋው ሰው አልነበረም። ጋሼ የሺዋስ ግን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልቻሉም። ገና ጎህ ሲቀድ ጸበል በጄሪካን እየቀዱ ያመጣሉ፤ ሚስታቸውን ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ያጥባሉ። ጸበል ደግሞ እንዲሁ የትም አይደፋም፤ እግር ከማይረግጠው ቦታ ነው የሚፈስሰው። በዚያ ጠባብ ግቢ እግር የማይረግጠው ሆኖ የታያቸው የጽጌረዳዋ ሥር ብቻ ስለነበር ሳፋውን እዚያ ይገለብጡታል። ጠዋት አንድ ሳፋ፣ ማታ አንድ ሳፋ።

ሐምሌ ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ይረግፍ ጀመር። አንድ ቀን ጋሼ የሺዋስ ዝናብ እየወረደባቸው ፊቷ ቆመው አገኘኋቸው።

"ዘሪቱ፣" አሉኝ በቀስታ፣ "ይቺ ከደረቀች ፈንታዬም አትቆይም። አብረው ነው የመጡት።"

እንዲህ ያለ ነገር አልወድም፤ ተቆጣኋቸው። ሰው በገዛ ቤቱ ላይ ያሟርታል እንዴ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አልሰሙኝም። "ብርድ እንዳይመታሽ" ብለው ከሚስታቸው አልጋ ጽጌረዳዋን የሚያሳየውን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈኑት። እትዬ ፈንታዬ አልጋቸው ላይ ሆነው በየቀኑ "ጽጌረዳዬ እንዴት ናት?" ይላሉ። "ጽጌረዳሽ ደህና ናት" ይላሉ ጋሼ፣ በዚያ ባልለመደባቸው ቀጭን ድምፅ። ከዚያ ወጥተው፣ ትድን ይሆናል ብለው፣ ሌላ ጸበል ይጨምሩላታል። እኔም ስጠየቅ ደህና ናት እል ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በፍልሰታ አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። እትዬ ፈንታዬ "አውጣኝ" አሉ። "መቀሴንም ስጠኝ፤ የመከርከሚያዋ ጊዜ ደርሷል።" ጋሼ ብርድ ነው አሉ፣ ጭቃ ነው አሉ፤ በመጨረሻ ምክንያት አለቀባቸው። እንደ ሕፃን አቅፈው አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እኔም ወንበሩን ልደግፍ ሄጄ ነበር።

ጽጌረዳዋ ቅጠል የሚባል አልቀረላትም። እትዬ ፈንታዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጋሼ የሺዋስ ጭቃው ላይ ተንበረከኩና አለቀሱ።

"ዋሽቼሻለሁ። እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው።"

እትዬ ፈንታዬ ግን የሚያዩት አፈሩን ነበር። "ምን ታጠጣታለህ?"

"ጸበል። የታጠብሽበትን።"

"ስንቴ?"

"ጠዋትና ማታ። ሲብስባት ደግሞ ጨመርኩላት።"

"በዚህ ዝናብ ላይ?" አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከግንቦት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "አንተ ሰው፣ አሰጠምካት እኮ! ጸበልም ቢሆን ውሃ ነው። ስማኝ የሺዋስ፣ እኔንና እሷን አታምታታ። እኔ የምሞተው በራሴ ሕመም ነው። እሷ ግን በአንተ ነው የምትሞተው። ተነስና ቆፍር!"

ቆፈሩ። ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል። እትዬ ፈንታዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው የበሰበሰውን አስቆረጡ፤ አፈሩን በአሸዋ አስቀላቀሉ፤ ከመሬት ከፍ አድርገው አስተከሏት። መጨረሻ ላይ መቀሱን ለባላቸው ዘረጉ። ጋሼ ተቀብለው የቱ ጋ እንደሚቆርጡ ጠፋቸው።

"ከአንጓው በላይ፣ አጋድመህ ቁረጥ። አትፍራ፣ አታለቅስም።"

ሁለት እንጨት ብቻ ሆና ቀረች። ጋሼ መቀሱን እንደያዙ "ጸበሉንስ ከእንግዲህ የት ላፍስሰው?" ሲሉ ጠየቁ።

"አጥሩ ሥር ባሕር ዛፍ አለልህ። እሱ ውሃ አይጠግብም።"

አምና፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ እትዬ ፈንታዬ አረፉ። ጽጌረዳዋ ገና ቅጠል ማውጣቷ ነበር፤ አበባዋን አላዩም። በአርባቸው ቀን አንዲት እምቡጥ ታየች። ለተዝካር የመጡት ሴቶች "እሰይ፣ ምልክት ነው!" ሲሉ ጋሼ የሺዋስ በወፍጮ ቤት ድምፃቸው "ምልክት አይደለም! እሷ አስተምራኝ ነው የቆፈርኩት!" አሉ። ሴቶቹ ቅር አላቸው። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የሰውን ሥራ ለምልክት መስጠት አልወድም።

ባለፈው ነሐሴ ብቻቸውን ሲከረክሟት በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። "ኧረ ጋሼ፣ ጨረሷት እኮ!" አልኳቸው።

"ጽጌ ይግባና ታዪኛለሽ!" አሉኝ።

ጥቅምት ላይ አሥራ አንድ አበባ አወጣች። እሑድ ጠዋት ጋሼ የሺዋስ ሁለቱን ቆርጠው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። አንዷን ለቤተ መቅደስ ሰጡ። ሌላዋን ይዘው ወደ ሚስታቸው መቃብር ወረዱ፤ አጎንብሰው አስቀመጧትና ቀና አሉ።

"ፈንታዬ! ጽጌረዳሽ ደህና ናት!"

ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።