ጥዱን የረገጥኩበት ክረምት

ላፍቶ ገና እርሻ፣ እኔም ገና ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መብራት ይጠፋ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የግቢያችንን የኋላ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ጋሽ መኮንን ፋኖሳቸውን ይዘው ወደ እኛ በረንዳ ይመጣሉ። ያኔ እናቴ የከሰል ማንደጃውን አውጥታ የበቆሎ እሸት ትደረድርበታለች፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ደረጄ ፍሙ ፊታችንን እየለበለበው፣ ብርዱ ጀርባችንን እየበላው ተረት እንጠብቃለን። የጋሽ መኮንን ተረት የጅብና የአንበሳ አልነበረም። አንድ ቃል ከየት አገር ተነሥቶ፣ በማን አፍ አልፎ እኛ ዘንድ እንደደረሰ ነበር የሚያወሩልን።

በዚያ ክረምት አባቴ ከሚሠራበት የነፋስ ስልክ ፋብሪካ ለሁለታችንም የጥድ ችግኝ አምጥቶልን በአጥሩ ሥር ተከልን። የደረጄ ቆመ። የእኔ ግን ነፋስ ሲመጣ በጎኑ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ሆነ። ያኔ ወንበር ስገጭ እንኳ ወንበሩን ይቅርታ የምጠይቅ ልጅ ነበርኩና ነፍስ ያጠፋሁ መሰለኝ። ደረጄ ደግሞ «ቀብሩ መቼ ነው? ድንኳን እንትከል?» እያለ ያበሽቀኛል። አባቴ ሌላ አመጣና «ይሄ የመጨረሻው ነው፣ የኔ ልጅ» አለኝ። እንዳይሞትብኝ ስለፈራሁ ሳልተክለው በረንዳው ጥግ አስቀመጥኩት።

ማታ ጋሽ መኮንን ችግኙን በፋኖሱ ብርሃን አዩት።

«ለመሆኑ ተክል በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«ፕላንት!» አለ ደረጄ።

«ፕላንትማ አባባ የሚሠራበት ነው» አልኩ፤ አባቴ ፋብሪካውን እንዲያ ነበር የሚጠራው። ደረጄን በሳቅ በቆሎው ትን አለው።

«አትሳቅ፣ እሷም ልክ ናት» አሉ ጋሽ መኮንን። «ፋብሪካም እንደ ተክል መሬት ላይ ስለሚተከል ነው ስሙን የወሰደው። ቃሉ ግን ከሁለቱም በፊት እግር ነበር።» ጫማቸውን አውልቀው ውስጥ እግራቸውን ወደ ፍሙ አዞሩት። «በጥንት ሮማውያን ቋንቋ ፕላንታ ማለት ይህ ነው። ገበሬው ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ካቆመ በኋላ አፈሩን በባዶ እግሩ ይጠቀጥቀዋል፤ ችግኙም በዚያው ስም ተጠራ ይላሉ። አንቺስ ረግጠሽለት ነበር?»

እኔማ አፈሩን በጣቴ ጫፍ ነበር የዳበስኩት። ደረጄ ግን ተክሎ ሲጨርስ ጎል እንዳገባ ሰው ዙሪያውን ጨፍሮበታል።

«አያመውም፣ ጋሼ?»

«የሚያመውስ ሳይረገጥ ሲቀር ነው፣ ልጄ። አፈሩ ካልጠበቀ ሥሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል።»

በማግስቱ ችግኜን ጉድጓድ ውስጥ አቁሜ አፈር መለስኩበት፤ ጫማዬንም አወለቅሁ። እግሬን አነሣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ረገጥኩ። ጭቃው በጣቶቼ መሀል ሽቅብ ሲወጣ፣ ግንዱ ሲጸና ተሰማኝ፤ ዙሪያውን ዞሬ ደግሜ ረገጥኩ። ነፋሱ መጣ፣ ሄደ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ጫፉ ላይ አዲስ ለስላሳ አረንጓዴ ቀንበጥ ወጣ። «ጸደቀ! ጸደቀልኝ!» እያልኩ ግቢውን ስዞር ደረጄ ራሱ በትከሻው ተሸክሞኝ ጮኸ።

ዛሬ እርሻው ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ጋሽ መኮንንም የሉም። እኔ አርባን ባልፍም ሆዴ አሁንም ቶሎ ይባባል፤ ልጄን «አይሆንም» ማለት ያቅተኝና ራሴን ስወቅስ እውላለሁ። እንዲያ ሲሆንብኝ ጫማዬን አውልቄ ውስጥ እግሬን ሲሚንቶው ላይ አጥብቄ አሳርፋለሁ፤ ከዚያ ማለት የሚገባኝን እላለሁ።

መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገብቶ ጥዱ ብቻውን ደጅ ቀረ፤ አሁን ከሱቆቹ ጣሪያ በላይ ነው። ከሥራ ስመለስ በታጨቀው ሚኒባስ ውስጥ አፌን ከመክፈቴ በፊት አንድ የማላውቀው ሰው «ጥዱ ጋ ወራጅ አለ!» ይላል። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ደስ ይለኛል። ወርጄ ሥሩ ዘንድ ስደርስ አፈሩን በተረከዜ ረገጥ አድርጌለት አልፋለሁ።