ጋቢ የለበሰ ሁሉ

በ1960 ዓ.ም. አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኩዮቼ ሹፌር እንሁን ሲሉ እኔ አጎቴን ሰይድን ልሁን እል ነበር። የእናቴ ወንድም ነው፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይኖር ነበር። ያልሞከረው ሥራ የለም። የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፣ የመኪና በር ላይ አበባ ይሥላል፣ መንዙማ ያወጣል፣ በገበያ ቀን ደግሞ የቆርቆሮ ጡሩምባውን ይዞ የነጋዴ ዕቃ በግጥም ይለፍፋል። ቤቱ ቀለምና አኳራጅ ይሸታል። ፊደል የቆጠርኩት ከታፔላው ላይ ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም።

አባቴ ገበሬ ነው፤ መሬታችን ከከተማው በላይ ተረተሩ ላይ። የአጎቴን ነገር አይወድም። «መጮህማ ውሻም ይጮሃል» ይላል። እናቴ ስትለምነው አንድ ነገር ፈቀደ። ኮምቦልቻ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አዲስ ሱቅ ሊከፍት ነበር፤ አጎቴ ጥሩ ከለፈፈለት በቋሚነት ሊይዘው ቃል ገብቷል። «ሥራውን ካገኘ ልጁ እሱ ዘንድ ይሁን፤ ካላገኘ ከበሬ ኋላ ይመለሳል» አለ አባቴ። እሱ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው።

የገበያው ቀን ጠዋት የነጋዴው ጭነት መኪና አጎቴን ኮምቦልቻ ሊወስድ እሱ ደጃፍ ቆሞ ሳለ የቅሬው ዳኛ መጡ። ሌላው እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ የቅሬው ለፋፊም አጎቴ ነበር። እመት አሚና አርፈዋል አሉ። ጥጥ ፈታይ ነበሩ፤ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው።

ሹፌሩ ክላክሱን አስጮኸ። «አንተ ሰውዬ፣ የሞተ አይቸኩልም! ገበያው ሊበተን ነው እኮ!»

«እኔ ካልጠራሁላቸው ማን ይመጣላቸዋል?» አለ አጎቴ። «ሂድ፣ አብሽር፤ ለፋፊ አታጣም።»

መኪናው ሄደ። እኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለአሚና አይደለም፣ ለራሴ። አጎቴ አየኝና ጡሩምባውን አነሳ። ዳገቱን ወጣ፤ ተከተልኩት። አናቱ ላይ ቆሞ ተጣራ። ሳሙናና ሻሽ ሲለፍፍ የምናውቀው ድምፅ ነው፤ ግን ግጥም የለው፣ ቀልድ የለው።

«የቅሬ ሰው ሆይ! እመት አሚና ወደ አኼራ ሄዱ! ልጅ የላቸውም! እጃቸው ግን ጀርባችሁ ላይ ነው! እሳቸው የፈተሉትን ጋቢ የለበሰ ሁሉ ይምጣ!»

ወላሂ፣ መጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዶማና አካፋ እየያዘ። መቃብሩ ዙሪያ ነጭ በነጭ ሆነ። አባቴም ጋቢውን ለብሶ ከተረተሩ ወረደ፤ ከቆፋሪዎቹ ጋር ገብቶ ቆፈረ። አፈር ከመለሱ በኋላ አጎቴ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«ድምፅህ በሬዎቹ ድረስ መጣ» አለው። ቀጥሎም፣ «ሥራውስ?»

«ሄደ።»

አባቴ በዓይኑ ጠቀሰኝና ይዞኝ ወደ ቤት ወጣ። እኔም በመንገዱ ሁሉ አለቀልኝ ስል ነበር።

ዛሬ መኪና ላይ የታሰረ ማጉያ የተቀዳ ነገር ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል። ሞትም በስልክ ይመጣል፤ ሰው አይቶ ኪሱ ይከተዋል። ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ዳገት ወጥቶ ሰውን በስሙ ለአፈር የሚጠራ ድምፅ ግን ከሰማሁ ቆየሁ። ጆሮዬም ደክሞ ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አባቴ ሳይቀሰቅሰኝ በሬዎቹን ብቻውን ነድቶ ወጥቷል። በር ላይ ቆሜ ጥቂት ጠበቅኩ። አልጠራኝም። ፊቴን ታጠብኩና ወደ ቧንቧ ውሃ ወረድኩ።