ማዳም ሳህኑ ላይ የተወችው ቸኮሌት

ከድሬዳዋ የወጣሁት ማምሻውን ነው፤ ፀሐይዋ ገብታ፣ ጨለማው ገና ሳይበረታ። የልጅ ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ገበያ ደርሼ እንደምመለስ ሰው ቀለል አድርጌ ተሰናብቼ፣ ለሥራ ወደ ጅቡቲ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገባሁ። እኔ እንደሁ እግሬ አንድ ቦታ አይበረክትም። ከባቲ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ድሬ፣ ተማሪ ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ አገር ላገር ዞሬ ነው ያረጀሁት። ፊደሉንም ከልጅ ልጆቼ ጋር በእርጅናዬ ለቃቀምኩት፤ ስለዚህ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ።

ጋቢናው ውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ፌስታሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ብርቱካን ትባላለች።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ጅቡቲ፣ ኦቦክ ወደብ። ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ።» እዚሁ ድሬ ከከዚራ ሰፈር ሳቢያን ሰፈር የምትሄድ ነው የሚመስላት!

«ዋና ትችያለሽ?»

«እኔ? ወንዝ እንኳ ሰው ካልያዘኝ አልሻገርም እማማ።»

እንደ መሳቅ ብዬ ደነገጥኩ። ጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ ፔካ 12 የሚሉት ሰፈር ስንወርድ ከወሎ እናቷ ደወለች፤ ስልኩን ተቀበልኩና «ባሕሩን ላስተዋት፣ ከእኔ ጋር ትሥራ። ዓይኔ እያየ ምንም አትሆንብሽም» አልኳት። አፍ ሲከፈት እንዴት ቀላል ነው! ይህን ቃል ነው እንግዲህ በኋላ እንደ ድንጋይ የተሸከምኩት።

እናንተዬ፣ የጅቡቲን ሙቀት እንደ አገር ሙቀት አታድርጉት። ድሬም ይሞቃል፤ ግን ድሬ ማታ ማታ ይራራል። እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ሃያብለ የሚባል ሰፈር የቆርቆሮ ክፍል ስከራይ አከራዬ «ውኃ አለው» ብሎኝ ነበር። ገብቼ «ውኃው የታለ?» ስለው በጣቱ ወደ ባሕሩ አሳየኝ።

ሥራ ያገኘነው አንዲት ፈረንጅ ማዳም ቤት ነው። እኔ አብስዬ ማታ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ፤ ብርቱካን እያጸዳች እዚያው ታድራለች። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። እንቅልፍ ግን የላትም። ማታ እራቷን ከበላች በኋላ ከአንድ ቆርቆሮ ሳጥን ጥቁር ቸኮሌት አውጥታ፣ የጥፍር ያህል ቆርሳ ትበላና ቀሪውን ትቆልፍበታለች። እኛ ወጥ ቤት ሆነን «ወይ ስስት! ከራሷም ትደብቃለች» እያልን እንስቃለን።

በሁዳዴ መካከል አንድ ቀን ማዳም ወጥ ቤቱን ለራሷ ያዘችው። ደረቅ ቅጠል በምድጃ አሞቀች፣ በኮኮነት ዘይት በቀስታ አፍልታ በጨርቅ አጠለለች፣ ቸኮሌት በእንፋሎት አቅልጣ ከዚያው ቀላቀለችና በበረዶ መሥሪያው ገንዳ ውስጥ አፈሰሰችው። ሽታውን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ጠፋኝ። የእንቅልፍ መድኃኒት መስሎኝ አላስጨነቀኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

«ማዳም፣ ሌ?» አልኳት፤ ወተት አለው ወይ ማለቴ ነው።

«ፓ ደ ሌ፣ ማማ።» የለውም።

ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። እንግዲህ የጾም ነው አልኩ በልቤ።

ደህና የወጡትን በሳጥኗ ቆለፈች። ቅርጻቸው የተበላሸ ሦስት ፍሬዎች ግን ሳህኑ ላይ ነበሩ፤ ስልክ ተደወለላትና «እጠቡት» ብላን እየተጣደፈች ወጣች። የሳህን ትራፊ ደግሞ የሠራተኛ ነው። ይህ በየቤቱ ያለ ደንብ ነው፣ ሌብነት የሚለው የለም። እኔ በምላሴ ነክቼ ምሬቱን ስቀምስ ተውኩት። ብርቱካን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ቆይታ ነበር፤ አንዷን ጎረሰች።

ጥቂት ቆይታ «እማማ፣ ይሄስ ከአንጀቴም አልደረሰ» አለችና ሁለቱንም ደገመች።

ልብሱን አጥፈን ሳንጨርስ መሳቅ ጀመረች። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ትስቃለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋ ቀጥ አለና እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

«እማማ፣ ልቤ ሊወጣ ነው። ያዙኝ! እጄ የኔ አይደለም።»

«ማን አይቶሽ ነው ልጄ? ሰው ተመለከተሽ?»

«ሞቼ ነው እንዴ? እናቴ አልሰማችም?»

በስመ አብ ብዬ ፊቷን አጠብኩ። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አስመለሳትና መሬቱ ላይ ተዘረረች፤ ስጠራት ከሩቅ እንደምትሰማኝ ሁሉ «እ» ብቻ ትላለች። ማዳም ጋ ደወልኩ። «ብርቱካን ማላድ!» አልኳት፤ ታማለች ማለቴ ነው።

ማዳም ደርሳ ባዶውን ሳህን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «ቸኮሌቱ? ሁሉንም?» ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣልኝ። ድሬ፣ ጎረምሶች ከአጥር ጀርባ የሚያጨሱት። ጋንጃ! ሲጨስ እንጂ ሲበላ በምን አውቄው?

«ሆስፒታል አይሆንም» አለች ማዳም በፈረንሳይኛም በእጇም። «ፖሊስ ይመጣል። እኔ እስር ቤት፣ እናንተ ድንበር። ትተኛ፣ ያልፋል።»

«ማዳም፣ አንቺ ፖሊስ ትፈሪያለሽ። እኔ እናቷን እፈራለሁ።»

ብርቱካንን በጉያዬ አነሳኋት። ክብደቷ የሕፃን ነበር። ማዳም ቁልፏን ይዛ ተከተለችንና መኪናዋን አስነሳች፤ ከሆስፒታሉ በር መለስ ብላ ግን አቆመች። «ዓሣ ነው የበላችው በይ። የተበላሸ ዓሣ» ብላ አውርዳን ሄደች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በሁዳዴ ዓሣ በላች ልበል?

መዝገቡ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ በድሬ ሱማልኛዬ አዋራሁት።

«ወረቀቷ?»

«የላትም።»

«ያንቺስ?»

«እሱም የለም።»

«ወረቀት ሳይኖራችሁ እንዴት ታመማችሁ?»

«ሕመሙም ያለ ወረቀት ነው የገባው ወንድሜ።»

ሳይወድ ሳቀና በሩን አሳየኝ። ዶክተሯ ወጣት የጅቡቲ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን አገራችን ተምራ አማርኛውን ታቀላጥፈዋለች። የብርቱካንን ዓይን በመብራት አየች፣ ልቧን አዳመጠች፣ መርፌ አዘጋጀች።

«እማማ፣ ምን በላች?»

ዓሣ ብል ሥራችን ይተርፋል። እውነቱን ብናገር ማዳም ትታሰራለች፣ እኛም በመጣንበት እንጫናለን። መርፌው ግን ለተበላሸ ዓሣ የሚሰጥ ቢሆንስ? የሳህኑን ሐቅ ከነቅጠሉ፣ ከነዘይቱ ተናገርኩ።

ዶክተሯ መርፌውን አስቀመጠች። «እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ሦስት ፍሬ? ባዶ ሆዷን? ሌላ መድኃኒትስ ወስዳለች?» አልወሰደችም አልኩ። «ደግ አደረጉ። ባይነግሩኝ የማያስፈልጋትን ልሰጣት ነበር። በጎኗ እናስተኛታለን፣ ልቧን እንከታተላለን። ሰው ከአጠገቧ አይጥፋ።»

በየሰው ቤት ለምትሠሩ ልጆቼ ዶክተሯ ያለችኝን ልንገራችሁ። የሚጨሰው ቶሎ ይታወቃል፤ የሚበላው ግን ሆድ ውስጥ አድብቶ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ቆይቶ ነው የሚነሳ። ምንም አልሆንኩም ብሎ የደገመውን በሁለት እጥፍ ይመታዋል። የለመደው ሰው እንኳ ጥቂት ቀምሶ ይጠብቃል እንጂ አይደግምም፤ በባዶ ሆድ፣ ከመጠጥ ጋር፣ ልጅ ይዞ አይነካውም። ማዳም ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። የስስት ያልነው ቁራሽ ጥንቃቄዋ ነበር፤ ለራሷ ብቻ ተጠነቀቀችው እንጂ። የሚሠራ ሰው ልሥራ ካለ ይጻፍበት፣ ይቆልፍበት፣ ሳህኑን ራሱ ይጠብ፣ ቤት ላለ ሰው ሁሉ ይንገር። እናንተም ስሙ ያልተነገራችሁን አትቅመሱ፤ የጾም ቢሆንም።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መንገዱን በመስኮት አያለሁ። መኪና በቆመ ቁጥር ፖሊስ ይመስለኛል። ማዳምም አልደወለች፤ ነገ የት እንደምናድር አላውቅም። ብርቱካን እንደተኛች ናት፤ ዶክተሯ እየመጣች ልቧን አዳምጣ ትሄዳለች።

ስልኳ ከኪሷ ጮኸ። እናቷ ናት። እስኪያበቃ ተውኩት። እንደገና ጮኸ፤ አነሳሁ።

«እማማ የሺ? እርስዎ ነዎት? ልጄስ?»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት? ምን ሆና?»

ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሥራ በዝቶባት፣ ደክሟት። «ታማ ነበር» አልኳት። «ሐኪም ቤት ነን። አጠገቧ ነኝ።»

 

«ድምጿን ያሰሙኝ።»

«አልነቃችም እኮ።»

«ትንፋሿንስ?»

ስልኩን ከብርቱካን አፍንጫ አጠገብ ያዝኩላት። ይገባል፣ ይወጣል። እጄ እስኪዝል ያዝኩት። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው እናትየው ታለቅሳለች።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ሰማሁ። እማማ፣ አይዝጉት። ትንሽ ልስማ።»

እንደገና አስጠጋሁላት።