ምዕራፍ አንድ፣ ቁጥር ሦስት

ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የመሠረተ ትምህርት ክፍል፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስለዚህ በመሃሉ ሁለት ነጥብ ያለበት ቁጥር ሁሉ ለእኔ ምዕራፍና ቁጥር ነው። እስከ ልጄ ሠርግ ድረስ ይህ ጎድቶኝ አያውቅም ነበር።

የምኖረው የሠርግ ፎቶ እያነሳሁ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጨለማ ነው፤ ቃል ኪዳን ሲገባ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፍላሽ ይከለክላሉ። ለሌላ ሰው ልጅ ብዥ ያለ ፎቶ ሰጥቼ «ጭጋግ ነው» ብዬ አውቃለሁ። አሰላ ላይ ጭጋግ የማይሸፍነው ጥፋት የለም። ለልጄ ግን እንዲህ አላደርግም አልኩ። ሌላ ፎቶ አንሺ ይጠራ ሲሉኝም እምቢ አልኩ።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ካሜራ ቤት ሄጄ ባለሱቋን በጨለማ የሚያነሳ ፈጣን ሌንስ ጠየቅኳት። ሁለት አወጣችልኝ። አጭሩ 1:1.8 ይላል፤ ረዘም ያለው 1:3.5-5.6።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ላስረዳዎት?»

«ማንበብ እችላለሁ።»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም…»

«አንብቤዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ሁለቱንም ፊቴ አስቀመጠችልኝ። አጭሩ ላይ ያለችው አንዲት ጥቅስ ናት፤ ረጅሙ ከሦስት እስከ አምስት ያስነብባል። ብዙ ያለው ይሻላል ብዬ ረጅሙን ወሰድኩ።

የሠርጉ ቀን ዘነበ፤ መብራትም ጠፋ። ልጄ እጇን አንስታ ቃል ስትገባ አነሳሁና በካሜራው ጀርባ ያለውን መስኮት አየሁ። ነጭ ቀሚስ አለ፤ ፊት የለም። ደገምኩ። የለም። እጄ ወደ ፍላሹ ሲሄድ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ጣታቸውን ነቀነቁብኝ። ካሜራውን አስቀምጬ እንደ አባት እንዳልቆም አንሺው እኔ ነኝ። እንዳላነሳ ደግሞ ሌንሱ አያይም። እዚያው ቆሜ የካሜራውን ቁልፍ ዝም ብዬ ቀጭ ቀጭ አደረግኩ፤ የሚያነሳ እንዲመስል።

በማግስቱ ሱቁ ተመለስኩ።

«ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሌንሱ አፍ የሚሰፋው፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያን ዕለት ልነግርዎት ነበር፣ ጋሼ።»

ረጅሙን በአጭሩ ለወጠችልኝ። ጥሩ ያነሳል። የሌላ ሰው ልጅ ያነሳል።

ልጄ ከባሏ ጋር ሮቤ ከተማ ገብታለች። በየሳምንቱ ትደውላለች።

«አባዬ፣ ቃል ስገባ ያነሳኸኝስ? አማቴ ጠይቀው ጠይቀው ሰለቹ እኮ።»

«መብራት የለም፤ ሲመጣ እልክልሻለሁ» እላታለሁ።

ኮምፒውተሩ ፊት ለፊቴ በርቶ፣ ነጩ ቀሚስ ላይ አፍጥጬ።