ልጇን የማታማው ባየሽ

ባየሽ ልጇን አታማም። ጥሩ ጠባይ ይመስላል አይደል? እኔም ክሊኒክ ለክሊኒክ ይዣት እስክንከራተት ድረስ ጥሩ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

በስደት በምንኖርባት ሜፕልዉድ ከተማ አንድ አፓርትመንት ላይ ጎረቤታሞች ነን፤ የምንሠራውም አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሥራ ላይ ባየሽን የሚያክል የለም። አንዱ አዛውንት መድኃኒቱን ቢተፋ፣ አንዷ ምሳዋን ብትተው፣ ሳትደብቅ ለነርሷ ሪፖርት ታደርጋለች። የገዛ ልጇ ላይ ሲደርስ ግን አፏ ይቆለፋል።

ልጇ ሊዲያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስትወለድ ወንድ ተብላ ነው የተመዘገበችው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ሴት መሆኗን ለእናቷ ነገረቻት። ትራንስጀንደር ናት። ባየሽ ጥቂት ቀን አለቀሰች፣ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ቀሚስ ገዛችላት። ዘመዱ በስልክ፣ ማኅበርተኛው በሐሜት፣ ሌላው "ጸበል ውሰጂው" እያለ ሲያዋክባት ለሁሉም በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጇ ከአፏ የሚወጣው ምስጋና ብቻ ሆነ። "ሊዲያዬ ጨዋ ናት፤ ሊዲያዬ እንከን የላትም።" አልፈርድባትም። ሰው ሁሉ ድንጋይ ይዞ ቆሞ ሳለ እናት ጠጠር አታቀብልም።

ሊዲያ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቦታ አትረጋም። ጫማዋን ስትፈልግ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ያመልጣታል። ወተት አውጥታ ፍሪጁን ከፍታው ትሄዳለች። አንድ ገጽ አንብባ ስትጨርስ ምን እንዳነበበች አታውቀውም፤ ከዚያ "ደደብ ነኝ" ብላ ታለቅሳለች። አስተማሪዋ ኤዲኤችዲ እንዳለባት፣ ማለትም ሐሳብ የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር እንዳለባት ትመርመር አለች። ምርመራው ከሌለ ትምህርት ቤቱ የተለየ እገዛ አያደርግላትም። ያለ እገዛ ደግሞ በመጪው ዓመት ትምህርቱ ሲከብድ ልትወድቅ ነው። ልጅቷ ራሷ ይህን ታውቃለች፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

የባየሽ መኪና ጋራዥ ስለገባች ሾፌራቸው እኔ ሆንኩ። ስንት ወር ጠብቀን የካውንቲው የመንግሥት ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙ ስለ ቀሚሷ፣ ስለ ስሟ፣ ማን እንደሚያሾፍባት ጠየቀ። የትኩረቷን ነገር ግን ነካ አድርጎ፣ ባየሽ "ቤት ምንም የለባትም" ስትለው አለፈ። "ጭንቀቷ ከጾታዋ ጉዳይ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እዚያ ትታይ" ብሎ ወደ ሌላ ክሊኒክ ላካቸው። እዚያ ደግሞ "በማንነቷ ደስተኛ ናት፤ መጀመሪያ የትኩረቷ ነገር ይታይ" ብለው መለሷቸው። ሰው እንዴት በልጅ ኳስ ይጫወታል? ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ መብራት በያዘን ቁጥር ተሳደብኩ። "ተይ፣ ልጅቷ ትሰማለች" አለችኝ ባየሽ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ቤት ያለውን ንገሪያቸው" አልኳት።

"ልጄ በሽታ የለባትም!" ብላ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈችኝ።

ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ እንደገና ስንሄድ ሌላ ሐኪም፣ ወጣት ሴት፣ ጠበቀችን። ባየሽ "አብረሽኝ ግቢ" ስላለችኝ እኔም ገባሁ። ሐኪሟ በትሕትና አስረዳችን። ችግሩ ኤዲኤችዲ ነው ለማለት ትምህርት ቤትም ቤትም መታየት አለበት። አስተማሪዋ አለ ትላለች፤ እናት ግን ባለፈው ምንም የለም ብላለች። ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ ልጆቹ ስለሚያሾፉባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደገና ጠየቀቻት።

"ቤት ውስጥ ዕቃ ይጠፋባታል?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"የተነገራትን ትረሳለች?"

"ኧረ እሷ! በጣም ጨዋ ናት።"

ደሜ ፈላ። ያን ቀን ያረፈድነው ጫማ ስንፈልግ ነው። ልጅቷ በመጨረሻ አንድ እግሯ ላይ ስኒከር፣ ሌላው ላይ ቡትስ አድርጋ፣ የሐኪሟ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እየዞረች ነው። እናቷን በክርኔ ጎሸም ባደርጋት ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ወንበሩ ቆመ።

"ማሚ፣ ስቶፕ!" አለች ሊዲያ፤ ቀሪውንም በእንግሊዝኛ አወረደችው። "ናሆም ላይ ሁልጊዜ ትጮሂበታለሽ። እኔ ላይ ግን ሴት ነኝ ካልኩሽ ጀምሮ አንድ ቀን ጮኸሽ አታውቂም። ፍሪጁን ከፍቼ ስሄድ ዝም ብለሽ ትዘጊዋለሽ። እኔን ትተሽኛል?"

ናሆም ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቁጣ ቁርሱ ነው።

ባየሽ ልጇን አየቻት። ጫማዎቿን አየች። ከዚያ ሁለት ዓመት የታፈነው ሁሉ ባንዴ ገነፈለ።

"አንቺ ልጅ! እኔ ነኝ የምተውሽ? ወተቱን ስንት ጊዜ ደፋሁት? ቁልፍ ስንት ጊዜ አስቀረጽኩልሽ? ጥርስሽን ቦርሺ ብዬ ብልክሽ ድመት ስትስዪ አገኝሻለሁ! አንድ መስመር የቤት ሥራ ለመሥራት ማታውን ሙሉ ትንቆራጠጫለሽ! እኔ አርጅቼ የማልቀው እኮ በአንቺ ነው፣ የኔ እብድ!" አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ እያለቀሰች።

ሐኪሟ እየተጣደፈች ጻፈች። ሲያበቃ፣ "ስፈልግ የነበረው ይህንን ነው። ምርመራውን ዛሬ እንጀምራለን" አለች። ሊዲያ ተቆጥተዋት አይመስልም፤ እንደተመረቀ ሰው አንገቷን ደፍታ ፈገግ ብላለች።

ጨርሰን መኪናዬ ጋ ስንደርስ ባየሽ ቆም አለች። "ጃኬትሽስ? በዚህ ብርድ! እዚያው ጥለሽው መጣሽ አይደል? ሩጪ!"

ልጅቷ እየሳቀች፣ በስኒከሯና በቡትሷ እያነከሰች ወደ ውስጥ ሮጠች።

"በቃሽ እንግዲህ" አልኳት ባየሽን።

"ገና ምን አይተሽ" አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች፤ "የሁለት ዓመት አለብኝ።"