ወደ ዉድበሪ፣ ቱርቦ የተገጠመላትን መኪናዬን ላመጣ

እኔና ጎረቤቴ ከምንኖርባት የሚኒሶታ ከተማ ከክሪስታል የተነሣነው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ከመንገዱ ላይ ሳይነሣ ነው። ጉዳያችን መኪናዬን ከዉድበሪ ጋራዥ ማምጣት ነበር። ሁለት መቶ ሺህ ማይል ካለፈች ቆይታለች። እሁድ እሁድ ሦስት እናቶችን ጭኜ ቤተ ክርስቲያን የምወስደው በእሷ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አትል። ሀይዌይ መግቢያው ዳገት ላይ ግን፣ ከኋላ የጭነት ትራክ እየመጣ፣ ትንፋሿ ያጥራል። ያኔ ሦስቱም አንድ ላይ "እግዚኦ!" ይላሉ።

በመጨረሻ ታላቃችን፣ ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ፣ "እኔ ከእንግዲህ በቤተ ክርስቲያኑ ቫን ከሚሄዱት ጋር ነኝ" አሉ። እሳቸው ከሄዱ ሁለቱም ይከተሏቸዋል፤ እኔም ባዶ መኪና እየነዳሁ ቅዳሴ ልሄድ ነው። ልጄ በእንግሊዝኛዋ፣ ሌላ መኪና ግዛ በቃ አለችኝ። እኔ ግን የዚችን ድምፅ ለምጄዋለሁ። ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ይገጠምላት ብዬ ለመካኒኩ ለቢኒያም ሰጠኋት።

አውቶቡስና ባቡር

እትዬ አልማዝ "ሳላየው አላምንህም" ብለው አብረውኝ መጡ። ለአዛውንት የሚከፈለውን አንድ አንድ ዶላር ከፍለን በአውቶቡስ ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ደረስን፤ ከዚያ ወደ ሴይንት ፖል የሚሄደውን ባቡር ያዝን። ወንዙን ስንሻገር ጉሙ ከውሃው ላይ እየተነሣ ነበር፤ ድልድዩ መሬት የነካ አይመስልም። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። ዓይኔን ከደን ከፈት ሳደርግ፣ ሱቆቹ፣ ቅጠል ያላወጡት ዛፎች፣ ብስክሌት የምትገፋ ሴት፣ ሁሉም እንደሚንሳፈፉ ሆነው ያልፋሉ።

"እንዲህ ቀስ ብሎ መሄድ እንዴት ደስ ይላል" አልኳቸው።

"ባቡር ስለሆነ ነዋ! ያንተው ቀስታ ነው ነፍሴን የሚያወጣት።"

ሴይንት ፖል ወርደን የምስር ሳምቡሳ ገዛንና ትኩሱን እየበላን የዉድበሪን አውቶቡስ ጠበቅን።

ዉድበሪ

ቢኒያም እጁን እየጠረገ ተቀበለን። ሥራውን የጀመረው ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚያምቅበትን ኃይል፣ ቼክ አድርጎ፣ ሲሊንደሮቹ ደህና መሆናቸውን ካየ በኋላ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ቀንድ አውጣ የምትመስል ብረት አሳየን።

"ዝም ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ አሁን ይቺን ያሽከረክራታል። እሷ ደግሞ ለሞተሩ አየር ትገፋለታለች።"

"የገዛ ጭሱን መልሰህ አጎረስከው በለኛ!" አሉ እትዬ አልማዝ።

"ኧረ እትዬ! የምታስገባለት ንጹሕ አየር ነው፤ ጭሱ ሥራው ማዞር ብቻ ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "ጋሽ ታደሰ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጌዋለሁ። ሞተሩ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ አያስጨንቁት። ዘይት ቶሎ ቶሎ ይቀይሩለት። ከሀይዌይ ሲመለሱ ደግሞ ወዲያው አያጥፉት፤ ቱርቦው እስኪበርድ ቆመው ትንሽ ይጠብቁ።"

"እኔን የሚያጣድፈኝ የለም" አልኩት።

መመለሻ

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ትራክ ከኋላችን ነበር። እትዬ አልማዝ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ጨበጡ፤ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ነዳጁን ረገጥ አደረግሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋ አደረገኝ፤ ሳናውቀው ከመኪኖቹ መሀል ገባን። ትራኩ መስታወቱ ውስጥ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

"አንተ! ቀስ በል እንጂ!"

በዚች መኪና ቀስ በል ተብዬ አላውቅም። ሳቄን ውጬ እግሬን አላላሁ። ጭጋጉ ተገፎ ሰማዩ ሰፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ራሱ የሚወስደን መሰለኝ።

ክሪስታል

እትዬ አልማዝ ሁልጊዜ መኪናው ሳይቆም ነው ቀበቷቸውን የሚፈቱት፤ ዛሬ ግን አልነኩትም። ደጃፋችን ስንደርስ ሞተሩን አላጠፋሁም። ስለ እሁድ ልጠይቃቸው ፈልጌ መሪውን መጥረግ ያዝኩ።

"እስኪበርድ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። "እንግዲህ እሁድ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ለእነዚያ ንገራቸው፣ ኋላ እንዳይጨቀጭቁኝ።"

"እሺ" አልኳቸው።

ከዚያ ወሬ ጀመሩ። ሚኒሶታ የመጡ ሰሞን አረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም፣ ሲሠሩ፣ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ሹራብ መሥራት እንዳስተማረቻቸው፣ የመጀመሪያው ሹራብ አንድ እጅጌው ረዝሞ እንደቀረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጭኛቸው ስሄድ አንድም ቀን አልነገሩኝም። ለካ እሳቸው ሲጸልዩ፣ እኔ መሪ ጨብጬ ስጨነቅ፣ ተጫውተን አናውቅም። ቱርቦውን ያስገጠምኩት ለዳገቱ ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ መቆም ይዞ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ቱርቦው ከበረደ ቆይቷል መሰለኝ። ሞተሩን ግን አላጠፋሁትም።